«ከማን ሰማህ?» - የቤተሰብን ታሪክ ስለ መጻፍና ምንጩን ስለ መጥቀስ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

(ከዐስር ሰላት በኋላ በመስጊዳችን ለጀማዓው የቀረበ ሙሐደራ)

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

ኮሚቴያችን ይህን የመታሰቢያ መጽሔት ለማዘጋጀት በተነሣ ጊዜ መስጊዱን ያቆሙትን አባቶች ታሪክ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ጽፎ እንዲያመጣ ለጀማዓው ጥሪ አድርጎ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። አላህ ይስጣችሁ፣ ብዙ ወረቀት መጣ። ወረቀቱን እንዲያነቡ ከተመረጡት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርሁ። መስጊዱ ያረፈበትን መሬት ወቅፍ ያደረጉት ሰው ማን እንደሆኑ ሦስት ወረቀቶች ሦስት የተለያየ ስም ይዘው መጡ። ሦስቱም ጸሐፊዎች እኛው የምናውቃቸው ሐቀኛ ሰዎች ናቸው፤ በአንዳቸውም ላይ ውሸት አንጠረጥርም። ስለዚህ ጠራናቸውና «ይህን ከማን ሰማህ?» ብለን እያንዳንዳቸውን ጠየቅን። አንደኛው «ይህማ ሁሉም የሚያውቀው ነው» አለ። ሁለተኛው «ልጅ ሆኜ ሲወራ እሰማ ነበር» አለ። ሦስተኛው ብቻ «አያቴ ነግራኛለች፤ እሷም መሠረቱ ሲጣል ውሃ ከሚቀዱት ልጃገረዶች አንዷ ነበረች» ብሎ መለሰ።

ኮሚቴው ሦስት ስብሰባ ተከራከረበት። በመጨረሻም ሦስቱም ስም ከነተናጋሪው እንዲጻፍ ተስማማን፤ በሌላ ገጽ ታነቡታላችሁ። ሦስቱም ቤተሰቦች ትንሽ ቅር ሳይላቸው አልቀረም። እኔ ግን ዛሬ ልናገር የመጣሁት ስለ መሬቱ አይደለም፤ «ከማን ሰማህ?» ስለምትለው ጥያቄ ነው። ብዙዎቻችሁ፣ በተለይ ወጣቶቻችን፣ የቤተሰባችሁን ታሪክ ለመጻፍ ደብተር ገዝታችኋል። መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ደብተሩ ከዐርባና ከኀምሳ ዓመት በኋላ በልጅ ልጆቻችሁ እጅ ሲገባ የሚታመን መሆን አለበት።

ጥያቄዋ ለእኛ ለሙስሊሞች እንግዳ አይደለችም። ደረሳ ሆኖ ኪታብ የቀራ ሁሉ እንደሚያውቀው ሐዲስ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ሰነዱ ነው፤ ይኸውም እገሌ ከእገሌ፣ እገሌም ከእገሌ እየሰማ እስከ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሚያደርሰው የሰዎች ሰንሰለት ነው። ሁለተኛው መትኑ፣ ማለት የተነገረው ነገር ራሱ ነው። ዛሬ በየቢሮው «ሰነድ አምጣ» ሲባል የምንሰማው የአማርኛ ቃል የመጣው ከዚሁ ከዐረብኛው ሰነድ ነው። ታላቁ ታቢዒይ ኢብኑ ሲሪን እንዳወሱት፣ በመጀመሪያው ዘመን ሰዎች ስለ ሰነድ ብዙም አይጠይቁም ነበር፤ ፊትና ከተነሣ በኋላ ግን የሚያወራውን ሰው ሁሉ የነገሩህን ሰዎች ስም ጥራልን ማለት ጀመሩ። ጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ) አንድ ሐዲስ ከሰማው ሰው አፍ ለመስማት ብለው ግመል ገዝተው የአንድ ወር መንገድ ወደ ሻም ተጉዘዋል። አንድ ሐዲስ፣ አንድ ወር! እኛ ግን ከጎረቤት ቤት ያለችውን አክስታችንን ሄደን ሳንጠይቃት ትሞትብናለች።

ልብ በሉ፣ የአያትን ወሬ ከሐዲስ ጋር ማስተካከሌ አይደለም፤ አዑዙ ቢላህ። ሥርዓቱን እንዋስ ማለቴ ነው። የሐዲስ ዑለማዎች ሰንሰለቱ መሐል ላይ ሰው የጎደለበትን ወሬ ሙንቀጢዕ፣ የተቆረጠ፣ ይሉታል። በእኛ ቤት ስለ ቅድመ አያቶቻችን የምንሰማው አብዛኛው ወሬ እንዲህ የተቆረጠ ነው። መቆረጡ ነውር አይደለም። ነውሩ የተቆረጠውን እንዳልተቆረጠ አድርጎ መጻፍ ነው።

ይህን ስናገር ከሌላ ሰው ስሕተት ተነሥቼ አይደለም። የራሴን ልንገራችሁ።

ከዛሬ ዓሥራ አምስት ዓመት በፊት ገደማ፣ ገና በረዳትነት ሳገለግል፣ አንድ አባት ሞቱና ቤተሰቡ ለሚራስ ክፍያ የወራሾቹን ዝርዝር ጻፍልን ብለው ወሰዱኝ። ሐዘን ቤት ነው፣ ሰው ይገባል ይወጣል፣ ሦስት ሽማግሌዎች አጠገቤ ተቀምጠዋል። ሚስታቸው ቀደም ብለው ሞተዋል። ሁለት ወንድ ልጆችና አንዲት ሴት ልጅ እዚያው አሉ። በመሐል አንዱ ሽማግሌ «አንዲት ታላቅ ልጅ ነበረች፤ በ77 ሰፈራ ከአክስቷ ጋር ወደ ኢሉባቦር ሄደች። እዚያ ሞተች አሉ» አሉ። ሌላው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም «ወራሾች ሁለት ወንድና አንዲት ሴት» ብዬ ጻፍሁ፤ ስሜንና ቀኑን አኖርሁበት፤ ፈረምሁ። ስለ ታላቂቱ ልጅ አንድ ቃል አላሰፈርሁም። ንብረቱ በአምስት እጅ ተከፈለ፤ ለወንዶቹ ሁለት ሁለት፣ ለሴቲቱ አንድ።

ከአራት ዓመት በኋላ አንዲት ሴት ከሁለት ልጆቿ ጋር መጣችና ከመስጊዱ በር ላይ ጠየቀችኝ። ያቺ ልጅ ናት። አልሞተችም። አባቷ መሞታቸውን የሰማችው በቅርቡ ነው። ያንን እኔ የፈረምሁበትን ወረቀት ቅጂ በእጇ ይዛለች። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። «ሼሁ፣ የለችም ብሎ የነገረዎ ማነው?» ብቻ አለችኝ።

ወላሂ መልስ አልነበረኝም። ከሦስቱ ሽማግሌዎች ሁለቱ ሞተዋል። በሕይወት ያሉት «እኔ አልተናገርሁም» አሉ። እኔ ራሴ «ሞተች አሉ» ያሉት የትኛው እንደነበሩ በእርግጠኝነት ማስታወስ አቃተኝ። ወረቀቱ ደግሞ ዲዳ ነው፤ ከእኔ ስም በቀር የማንንም ስም አይጠራም። ስለዚህ እኔ ያላየሁትን ሞት መስካሪ ሆኜ ቀረሁ።

እናንተ እንደምታውቁት በሸሪዓችን የጠፋ ሰው፣ መፍቁድ የሚባለው፣ መሞቱ እስኪረጋገጥ ወይም እስኪፈረድበት ድረስ ድርሻው ተለይቶ ይቀመጥለታል። ያን ዕለት አንድ መስመር ጨምሬ «አንዲት ታላቅ ሴት ልጅ በ1977 ዓ.ም. በሰፈራ ሄዳለች፤ ሞታለች ሲሉ ሰምቻለሁ ያሉት እገሌ ናቸው፤ ከማን እንደሰሙ አልተናገሩም» ብዬ ብጽፍ ኖሮ ንብረቱ በስድስት እጅ ይታሰብና አንዱ እጅ ለእሷ ይቆይላት ነበር። በሽምግልና ታናሽ ወንድሟ ድርሻዋን ከራሱ አወጣ፤ ታላቁ ግን «የተሸጠውን ቤት ከየት ላምጣ» አለና ሳይስማሙ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ያለ ተናጋሪው ስም ምንም ነገር በደብተር አልጽፍም።

አሁን አጻጻፉን ልንገራችሁ። ከባድ ነገር የለውም።

የተናገረውን ሰው ስም ጻፉ። ከዚያ የት ሆኖ እንደነገራችሁ፣ በስንት ቀን በስንት ዓመት፣ እሱ ራሱ አይቶ ነው ወይስ ከሌላ ሰምቶ። ለምሳሌ አንዲት እህታችን ደብተሯን አሳይታኝ እንዲህ ይላል፦ «እናቴ በቤቷ ሆና፣ ጥቅምት 2015 ዓ.ም.፤ አያታችን በጣሊያን ጊዜ ከወረሂመኖ መጡ ብላ ነገረችኝ። እሷም ከአክስቷ ሰማሁ አለች።» ይህ ሁለት መስመር ነው፤ ግን ሰንሰለቱ ሙሉ ነው። ነገ አንድ ሰው «የለም፣ ከወረሂመኖ ሳይሆን ከሌላ ቦታ ነው» ቢል ሁለቱን ሰንሰለት አስተያይቶ መመዘን ይቻላል። «አያታችን ከወረሂመኖ መጡ» ብላ ብቻ ጽፋ ቢሆን ግን የሚመዘን ነገር የለም።

በአማርኛችን «ይባላል» የምትል ቃል አለች። እኔ እፈራታለሁ። ማነው የሚለው? «ይባላል» ብሎ መጻፍ ተናጋሪውን መጋረድ ነው። «እገሌ ብሏል» በሉ። ተናጋሪው ከጠፋባችሁም «ማን እንደነገረኝ ረስቻለሁ» ብላችሁ ጻፉ፤ እሱም እውነት ነው። ደግሞ የተነገራችሁን ንግግርና የእናንተን ግምት በአንድ ዓረፍተ ነገር አትቀላቅሉ። የሽማግሌውን ቃል በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ እንዳለ አስቀምጡ፤ የእናንተን ሐሳብ ከሥሩ «እኔ እንደሚመስለኝ» ብላችሁ ለዩት።

ሁለት ሰው ቢለያይባችሁ ሁለቱንም ጻፉ። የሚበልጥባችሁን ለመምረጥ አትቸኩሉ። የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) የዘር ሐረግ ተመልከቱ። ከአባታቸው ከዐብደላህ ጀምሮ እስከ ዐድናን ድረስ ሃያ አንድ አባቶች ይቆጠራሉ፤ በዚህ ዑለማዎች አይለያዩም። ከዐድናን በላይ ግን ወደ ነቢዩ ኢስማዒል (ዐ.ሰ) መድረሱ የታወቀ ቢሆንም በመሐል ባሉት ስሞችና በቁጥራቸው ተለያይተዋል፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ዐድናን ላይ ቆሙ። በዓለም ላይ እንደ እሳቸው ዘሩ የተጠና ሰው የለም። እንዲያም ሆኖ እርግጡ ሲያልቅ ቆሙ። እኛስ አራተኛ አያታችንን በቅጡ ሳናውቅ ሐረጉን ጎትተን ዐረብ አገር የምናደርሰው ምን ይሁን ብለን ነው?

ይህን ስል የሚከፋው ወንድም እንደሚኖር አውቃለሁ። በአገራችን «አባታችን ከዐረብ የመጡ ናቸው» የሚሉ ብዙ ቤተሰቦች አሉ፤ እውነት የሆነላቸውም ይኖራሉ። የሰማችሁትን ከነተናጋሪው ጻፉ፣ አትደልዙት። ግን ያልሰማችሁትን መሐል ላይ ስም እየፈጠራችሁ አትሙሉት። አባቱ ያልሆነውን እያወቀ አባቴ ነው በሚል ሰው ላይ የመጣው ማስጠንቀቂያ ቀላል አይደለም፤ በቡኻሪና በሙስሊም ውስጥ የተዘገበ ነው።

በሱረቱል አሕዛብ አምስተኛው አንቀጽ ልጆች በአባቶቻቸው ስም እንዲጠሩ ታዟል። ዘይድ ኢብኑ ሓሪሳ (ረ.ዐ) ቀድሞ ዘይድ ኢብኑ ሙሐመድ ይባሉ ነበር፤ አንቀጹ ሲወርድ ወደ አባታቸው ስም ተመለሱ። እዚያው አንቀጽ ላይ አባታቸው ያልታወቀ ሰዎች የሃይማኖት ወንድሞች እንደሆኑ ተነግሯል። ስለዚህ አባቱ የማይታወቅ ሰው በሐረጋችሁ ውስጥ ቢገኝ ቦታውን ባዶ ተዉት። አባት አትፍጠሩለት፤ አታዋርዱትም። በደብተር ላይ የሰውን ነውር መቆለልም ሐሜት ነው። የሚጻፍ አለ፣ ተጽፎ በሳጥን የሚቆለፍ አለ፣ ጭራሽ የማይጻፍም አለ። የትኛው የትኛው እንደሆነ የተጠራጠረ ሰው ለብቻው መጥቶ ያማክረኝ፤ እዚህ ፊት ለፊት አልዘረዝረውም።

ስለ ስም አንድ ነገር ልጨምር፤ የእኛ አገር ደብተር ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በወሎ ኢድሪስን እንድሪስ፣ ኢብራሂምን እብሬ፣ ሙሐመድን መሐመድ ወይም ሙሄ እንላለን። አንዱ ልጅ ኪታብ ላይ በዐረብኛ ይጽፈዋል፣ ሌላው ትምህርት ቤት በአማርኛ፣ ሦስተኛው በፓስፖርት በላቲን ፊደል። በኋላ ሦስት ሰው ይመስላል። ቤት ውስጥ የሚጠራበትን ስም አስቀድሙ፤ ከአጠገቡ በወረቀት ያለውን ጻፉ፤ ወረቀቱ ምን እንደሆነም ግለጹ። ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ሲሄዱ ስማቸውና ዕድሜያቸው ተለውጦ የሄዱ እህቶች አሉ። አሜሪካ የሄዱት ደግሞ የአያታቸው ስም የቤተሰብ ስም ሆኖላቸው ልጆቻቸው በቅድመ አያት ስም ይጠራሉ። ይህ ካልተጻፈ የነገው ልጅ አባቱንና ቅድመ አያቱን ይቀላቅላል።

ከዚህ የሚከብድም አለ። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በዐፄ ዮሐንስ ዘመን የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ በተገደደ ጊዜ ስንቱ ስም ተለወጠ። ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት እሳቸው ናቸው። ታላላቆቹ በታሪክ ተጻፉ፤ ተራው ገበሬ ግን ከነሁለት ስሙ ቀረ። በዚህ ምክንያት በአንድ ሐረግ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ስም ተከታትሎ ታገኛላችሁ። አንድ ወንድም ሐረጉን አምጥቶ «ይህችን የክርስቲያን ስም አውጣልኝ» አለኝ። አላወጣሁም። አያቱ ናቸው። ዛሬም በየቤታችን ክርስቲያን ዘመድ አለን፤ በሠርግና በሐዘን አብረን ነን። ባወጣው ኖሮ ከእሳቸው የሚወለዱት ሁሉ ዘመድነታቸው ይቆረጥ ነበር፤ ዝምድናን መቀጠል ደግሞ የታዘዝነው ነገር ነው። ዘርን ማወቅ ለዚሁ እንደሆነ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ማስተማራቸውን ቲርሚዚ ዘግበዋል።

ዓመቱን በተመለከተ ብዙ አላስቸግራችሁም። ሽማግሌ ዓመተ ምሕረት አይነግራችሁም፤ «አባቴ የኅዳር በሽታ ጊዜ ጡት ይጠባ ነበር» ይላችኋል። ቃሉን እንዳለ ጻፉና ከሥሩ «ይህ 1911 ዓ.ም. ነው» በሉ። ዐረቦችም ከሂጅራ አቆጣጠር በፊት በዝሆን ዓመት ይቆጥሩ ነበር፤ በዓመተ ሂጅራ መቁጠር የተወሰነው በዑመር (ረ.ዐ) ኸሊፋነት ነው። እኛም የራሳችን አለን፤ ሰገሌ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ነው፤ ደሴ በጣሊያን አውሮፕላን የተደበደበችው ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ማይጨው መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ኪታብ ጀርባ ላይ የተጻፈ ቀን ካገኛችሁ ግን ዓመተ ሂጅራ ሊሆን ስለሚችል ተጠንቀቁ። የሂጅራው ዓመት በዓሥራ አንድ ቀን ገደማ ስለሚያጥር ሠላሳ ሦስቱ ከእኛ ሠላሳ ሁለት ዓመት ጋር ይገጥማል። ዝም ብሎ ቁጥር መቀነስ አያዋጣም።

በየቤታችን ያለ የተጻፈ ነገር ከምናስበው ይበዛል። የቁርኣን ሽፋን ውስጥ የልጅ መወለድ የሚጽፉ አባቶች ነበሩ። የኒካሕ ወረቀት፣ የግብር ደረሰኝ፣ የመቃብር ድንጋይ፣ የፎቶግራፍ ጀርባ፣ ከጅዳ የመጣ ደብዳቤ አለ። ከነዚህ አንዱን ስትጠቅሱ ወረቀቱ በማን ቤት እንዳለ፣ ስንተኛው ቅጠል ላይ እንደሆነ፣ በምን ፊደል እንደተጻፈ፣ በዓይናችሁ አይታችሁት ወይስ ሰው አንብቦላችሁ እንደሆነ ጻፉ። የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። አንዳንድ ጽሑፍ በዐረብ ፊደል ይሁን እንጂ ቋንቋው አማርኛ፣ ማለት ዐጀም ነው፤ ዐረብኛ የሚችል ሁሉ አያነበውም። ለማንበብ ብላችሁም ውሃ አትርጩበት፣ በእስክሪብቶ አታድምቁት። የደበዘዘውን ፊደል አንድ ወንድም በደግነት አድምቆ አሊን ወልይ አድርጎት አይቻለሁ።

በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 760 መሠረት ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በመንግሥት እንዲመዘገቡ ተደንግጎ ምዝገባው ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ይካሄዳል። አስመዝግቡ። ነገር ግን እዚያ መዝገብ ውስጥ የማይገባ፣ ለእኛ ግን ከባድ የሆነ ዝምድና አለ፤ የጡት ዝምድና።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የአጎታቸውን የሐምዛን (ረ.ዐ) ልጅ እንዲያገቡ በተጠየቁ ጊዜ የጡት ወንድሜ ልጅ ናት ብለው አልተቀበሉም። ሱወይባ የምትባል ሴት ሁለቱንም አጥብታ ነበርና። አስቡት፤ ሁለት ሕፃናት ከጠቡ ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ ማን ማንን እንዳጠባ ይታወቅ ነበር። ዑቅበት ኢብኑል ሓሪስ (ረ.ዐ) ደግሞ አግብተው ሳለ አንዲት ሴት መጥታ እሳቸውንም ሚስታቸውንም ማጥባቷን ተናገረች። እሳቸውም ቀድሞ አልነገርሽኝም ብለው ከመካ መዲና ድረስ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ለመጠየቅ ተጓዙ። ትእዛዙ ሲመጣ ተለያዩ። የተጻፈ ቢኖር ኖሮ ያ ትዳር ባልተጀመረም ነበር።

እዚህ እኛ ሰፈርም እናት በአራስነቷ ስትታመም ጎረቤት ታጠባለች። በ77 ድርቅ ጊዜ በየመጠለያው ስንቱ ልጅ በስንቱ ጡት አደገ። ያኔ የጠቡት ዛሬ አያት እየሆኑ ነው። ልጆቻቸው በአንድ ዩኒቨርሲቲ ተገናኝተው «ኒካሕ እሰሩልን» ብለው ይመጣሉ። እኔ ምን ይዤ ልጠይቅ? አንድ ጊዜ ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው አንዲት እናት ስታለቅስ መጣችና «የሙሽራውን አባት አጥብቼዋለሁ መሰለኝ» አለች። ሙሽራዪቱ የእሷ ልጅ ናት። በእውነት አጥብታው ከሆነ ልጁ የጡት ልጇ ልጅ ነውና ሙሽራዪቱ ለእሱ የጡት አክስቱ ሆነች ማለት ነው። «መሰለኝ» የምትለውን ለማጣራት ሦስት ቀን አልበቃንም፤ ሠርጉ ተራዘመ፤ ድግሱም ተበላሸ። እናቱ በሕይወት ባለመኖሯ ነገሩ እስከ መጨረሻው ሳይለይ ቀርቶ ሁለቱ ልጆች በገዛ ፈቃዳቸው ተዉት። ልጅቱ አሁንም ሰላምታ ስትሰጠኝ ቀና ብላ አታየኝም።

ስለዚህ እናቶች፣ ይህን ደብተር የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። የማንን ልጅ እንዳጠባችሁ፣ ልጃችሁን ማን እንዳጠባ፣ ልጁ ስንት ወር እንደነበር፣ ስንት ጊዜ እንደጠባ ጻፉ ወይም አስጽፉ። በሻፊዒዮች ዘንድ አምስት ጊዜ መጥባት ይታያል፤ በሐነፊዮች ዘንድ ጥቂቱም ይበቃል። እናንተ ግን ፍርዱን አትጻፉ፤ የሆነውን ብቻ ጻፉ። ፍርዱ ያኔ ለሚጠየቀው ዓሊም ነው።

ኮሚቴው ለዚህ የሚሆን ወፍራም ደብተር ገዝቷል። ከጸሐፊያችን ዘንድ በቁልፍ ይቀመጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዐስር በኋላ የሚጽፉ ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ይኖራሉ፤ መምጣት ለማይችሉ ሽማግሌዎች ወደ ቤታቸው እንሄዳለን። የሚናገር ሰው የጻፍነው ተነብቦለት «አዎ፣ እንዲህ ነው ያልሁት» ካላለ አይፈርምም። የጡት ዝምድና በሴቶቹ ደብተር ለብቻው ይጻፋል፤ ከባለቤቱ ፈቃድ ውጭ አይነበብም።

የመጀመሪያውን ገጽ የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ የራሴን ሐረግ። ከአባቴ እስከ ሦስተኛው አያቴ ድረስ ከማን እንደሰማሁ አለ። አራተኛው ላይ ሁለቱ አጎቶቼ ተለያይተዋል፤ ታላቁ አሕመድ ነው ይላሉ፣ ታናሹ ሰይድ ነው ይላሉ። ሁለቱንም ጽፌ ከዚያ በላይ ባዶ ትቼዋለሁ። ከአባቶቻችን መሐል እኚህን ሰው የሚያስታውስ ወይም ሲወራ የሰማ ካለ ከመግሪብ በኋላ እዚሁ ምሕራቡ አጠገብ እጠብቀዋለሁ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።